የእንግሊዝ ሴት ደራስያን በሮማንቲክ ዘመን

በእንግሊዝ ሥነ ጽሑፍ የሮማንቲክ ዘመን የሚባለው ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ እስከ 1830ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያለው ጊዜ ሲሆን፣ ዘመኑ ሲነሣ ቀድመው የሚጠሩት ዎርድስወርዝን፣ ባይረንንና ኪትስን የመሳሰሉ ወንድ ባለቅኔዎች ናቸው። ይሁንና በዚያው ዘመን ብዕራቸውን መተዳደሪያ ያደረጉ ሴቶች ጥቂት አልነበሩም። ከእነርሱ በፊት በ17ኛው ክፍለ ዘመን አፍራ ቤን በድርሰት ኖራለች። በሩን በሰፊው የከፈተው ግን ሕግ ሳይሆን ገበያ ነው፤ መጽሐፍ የሚያከራዩ ቤቶች ሲበራከቱ ለመግዛት አቅም ያልነበረው አንባቢ ልብ ወለድ እየተከራየ ማንበብ ቻለ፣ አሳታሚዎችም የደራሲ ያለህ ማለት ጀመሩ። አን ራድክሊፍ በ1794 ለአንድ ልብ ወለድ 500 ፓውንድ ተከፍሏታል። ሕጉ በአንጻሩ ባለበት ቆሞ ነበር፤ ያገባች ሴት ከባሏ ተነጥላ ስለማትታይ የድርሰቷ ገቢ የባሏ ንብረት ነበር፣ ይህንን ያሻሻሉት ሕጎች የወጡትም በ1870 እና በ1882 ነው።

የዚህ ቅራኔ ሁነኛ ምስክር ቻርሎት ስሚዝ (1749–1806) ናት። ባሏ በ1783 መጨረሻ በዕዳ ምክንያት ለንደን በሚገኘው የኪንግስ ቤንች እስር ቤት ሲገባ አብራው የቆየች ሲሆን፣ በተከታዩ ዓመት የእንጉርጉሮ ሶኔቶቿን (ሶኔት ባለ 14 ስንኝ ግጥም ነው) በራሷ ወጪ አሳተመች። በመጽሐፉ የፊት ገጽ ላይ ስሟን ሳትደብቅ፣ ያደገችበትን የአባቷን ርስት ጨምራ «የቢግኖር ፓርኳ ቻርሎት ስሚዝ» ብላ ማስፈሯ ልብ ሊባል ይገባል። መጽሐፉ በተደጋጋሚ ታተመ። በ1787 ከባሏ ተለይታ ልጆቿን በልብ ወለድ ታሳድግ ጀመር፤ ባሏ ግን ከገቢዋ መጠየቁን አልተወም። አማቷ ለልጅ ልጆቹ የተወውን ሀብት በሚመለከት የተነሣው የኑዛዜ ክርክርም እርሷ እስክትሞት እልባት አላገኘም። የሶኔትን ስልት በእንግሊዝኛ ዳግም ካነቃቁት ቀዳሚዎች አንዷ መሆኗን ባለቅኔው ኮልሪጅ መስክሯል፣ ዎርድስወርዝም የእንግሊዝ ግጥም የእርሷ ባለዕዳ መሆኑን በኋላ ጽፏል። ያም ሆኖ ለረጅም ጊዜ መዘንጋቷ የሚያስቆጭ ነው።

ነጻነቱ ዋጋ ያስከፍል ነበር። በ1792 የሴቶችን መብት በመሟገት የጻፈችው ሜሪ ዎልስተንክራፍት በ1797 በወሊድ ምክንያት ካረፈች በኋላ፣ ባሏ ዊልያም ጎድዊን በቀና ልብ ያወጣው የሕይወት ታሪኳ ለነቃፊዎቿ መሣሪያ ሆነ። አና ባርባልድም በ1812 የአገሯን የጦርነት ፖሊሲ የሚነቅፍ ግጥም በማሳተሟ ክፉኛ ተዘለፈች፤ ዘለፋው ብዕሯን ፈጽሞ አስጣላት የሚባለው ግን የተጋነነ ሳይሆን አይቀርም።

ስምን መሰወር አንዱ መከላከያ ነበር። የሜሪ ሼሊ «ፍራንከንስታይን» በ1818 ያለ ስም ወጥቶ ስሟ የተጻፈበት በ1823ቱ እትም ነው። ጄን ኦስተን ደግሞ በ1803 አንድ ረቂቅ ለአሳታሚ በ10 ፓውንድ ብትሸጥም ሰውየው ሳያትመው አስቀመጠው፤ በ1809 በሐሰት ስም ጽፋ ስትጠይቀው በከፈለው ዋጋ መልሳ መግዛት እንደምትችል ነገራት። 10 ፓውንዱ ተከፍሎ ረቂቁ የተመለሰው በ1816 ነው። አሳታሚው የዝነኛዋን ደራሲ ሥራ ከእጁ ማውጣቱን የተረዳው ገንዘቡን ከተቀበለ በኋላ ነው ብለው ቤተሰቦቿ ያወሳሉ። በ1817 ካረፈች በኋላ በዚያው ዓመት መጨረሻ መጽሐፉ ሲታተም፣ የደራሲዋን ማንነት ለአንባቢ የገለጸው ወንድሟ በመግቢያው ያሰፈረው አጭር የሕይወት ታሪክ ነበር።