የብሔራዊ ሬዲዮ የንግግር ዝግጅቶች ውሎ በሰሜን ሸዋ

የኢትዮጵያ ሬዲዮ ብሔራዊ አገልግሎት ውሎው በአብዛኛው ንግግር ነው፤ ዜና፣ ትረካ፣ ተከታታይ ድራማ፣ ጭውውት፣ ቃለ መጠይቅ፣ ግጥም፣ የጤናና የእርሻ ምክር፣ የሐዘን ማስታወቂያ። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ከምትርቀው ደብረ ብርሃን አንስቶ እስከ መንዝ፣ መርሃቤቴና ኤፍራታና ግድም ድረስ፣ ከዚህ ውሎ ምን ያህሉ ጆሮ እንደሚደርስ የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ የአድማጩ ሥራና ሞገዱ። ዘፈን ግማሹ ቢጠፋም ይደመጣል። ከትረካ ግን አንዲት ዓረፍተ ነገር ከጠፋች ማን ማንን እንደገደለ ሳይታወቅ ይታደራል።

ጣቢያው በ1920ዎቹ መጨረሻ አቃቂ ላይ ተጀመረ፤ የጣሊያን ወረራ አቋረጠው፤ ከነጻነት በኋላ ተመልሶ ተከፈተ። መንዝ የተወለዱት ደራሲ ከበደ ሚካኤል በሬዲዮ ፕሮግራም አቅራቢነት ሠርተዋል። ድርጅቱ በ2006 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽን ተብሏል፤ አድማጩ ግን ዛሬም «የኢትዮጵያ ሬዲዮ» ነው የሚለው።

አገልግሎቱ ሰዓቱን ለአማርኛ ብቻ አይሰጥም። ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ ሶማሊኛ፣ አፋርኛና የውጭ ቋንቋዎችም ይካፈሉታል። ስለዚህ የአማርኛው ውሎ የተቆራረጠ ነው፤ ልማዱን የማያውቅ ሰው ቋንቋው ሲቀየር ጣቢያው የጠፋ መስሎት መርፌውን ያዞራል፣ ከዚያም መልሶ ለማግኘት ይቸገራል። የለመደው ሬዲዮውን ያጠፋና የባትሪ ድንጋይ ይቆጥባል፣ ሰዓቱ ሲደርስ ይከፍታል።

የገጠሩ አድማጭ ጠዋት ከብት ሳይወጣ ዜናና ማስታወቂያ ይሰማል። የቀኑ 7 ሰዓት ዜና ከምሳ ጋር ይገጥማል፣ የማታው 2 ሰዓት ደግሞ ከእራት ጋር። በመካከል የሚቀርቡትን የጤናና የማኅበራዊ ጉዳይ ዝግጅቶች በብዛት የሚከታተላቸው ቤት የዋለ፣ ሱቅ የተቀመጠ ወይም ሬዲዮ አንግቶ ከብት የሚጠብቅ ሰው ነው።

የአየር ትንበያ እዚህ በዓመት ሁለት ጊዜ ጆሮ ያገኛል፤ ለበልግና ለክረምት። የመንዝ ደገኛ ገብሱን በበልግም ስለሚዘራ የየካቲትና የመጋቢት ትንበያ አያመልጠውም። ችግሩ «ሰሜን ሸዋ» የሚባሉ ሁለት ዞኖች መኖራቸው ነው፤ አንዱ በአማራ ክልል፣ ሌላው በኦሮሚያ። አንባቢው ክልሉን ሳይጠቅስ ካለፈ የደብረ ብርሃኑ ሰው የፍቼውን ዝናብ ይጠብቃል። ክልሉ ቢጠቀስም የመንዝ ውርጭና የሸዋ ሮቢት ቆላ በአንድ ዓረፍተ ነገር መታቀፋቸው አይቀርም፤ ትንበያውን ወደ ራሱ ቀዬ ማውረድ የገበሬው ፋንታ ነው።

በሐዘን ማስታወቂያ የሟች ስም ከነአባት፣ የትውልድ ቦታ፣ የቀብሩ ቀንና ሰዓት፣ ቤተ ክርስቲያኑ ወይም መካነ መቃብሩ፣ የቤተሰብ ዝርዝር መሟላት አለባቸው። በብዛት የሚያሳስተው የደብሩ ስም ነው፤ ገብርኤልና ማርያም በየወረዳው ስላሉ ወረዳውና ቀበሌው ካልተጠራ ለቅሶኛው ሌላ ደብር ሄዶ ይቆማል። ሁለቴ፣ ቀስ ተብሎ ቢነበብ ይመረጣል፤ መጀመሪያ ሲነበብ ቤቱ ገና ዝም አላለም።

ከንግግር ዝግጅቶች ሁሉ ከባዱ ትረካ ነው። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተባለው ዝግጅት «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ካነበበ ወዲህ ብዙ አድማጭ ተራኪን ሁሉ በእሱ ይለካል፤ ለተከታዮቹ ፍርዱ ትንሽ ይከብዳል። ተራኪ በደቂቃ መቶ ቃል ገደማ ቢያነብ ጥሩ ነው፤ የግማሽ ሰዓት ዝግጅት መግቢያው፣ መውጫውና ያለፈው ክፍል ማስታወሻ ሲቀነሱለት ሁለት ሺህ ተኩል ቃል አካባቢ ይይዛል። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ አንባቢው ስቱዲዮ ከመግባቱ በፊት ጽሑፉ ላይ ምልክት ያደርጋል። «አለ» ጠብቆ ወይም ላልቶ መነበቡ የሚታወቀው ዓረፍተ ነገሩ ካለቀ በኋላ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ድምፁ ወጥቷል። ማይክሮፎኑ ከአፍ አንድ ስንዝር ያህል ይርቃል፣ ወደ ጎን ዘንበል ይላል፤ ፊት ለፊት ከሆነ «ፐ» እና «ፈ» ይነፉታል። ወረቀቱ አይታጠፍም፣ ስቴፕል አይደረግም፤ ሲገለጥ የሚያሰማው ኮሽታ ከድምፁ ጋር ይቀዳል።

ተከታታይ ድራማ ሌላ ፈተና አለው። ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. የተላለፈው «የቀን ቅኝት» 257 ክፍሎች ነበሩት፤ ኤች አይ ቪንና የቤተሰብ ምጣኔን በታሪክ ውስጥ ያስተምር ነበር። በዚህ ርዝመት አንድም ክፍል ሳያመልጠው የሚከታተል ገበሬ የለም፤ አጨዳ አለ፣ ገበያ አለ፣ ለቅሶ አለ። ስለዚህ ጸሐፊው ገጸ ባሕርያቱ በየንግግራቸው ስም እንዲጠራሩ ያደርጋል፤ መድረክ ላይ ይህ ይሰለቻል፣ ሬዲዮ ላይ ግን ግድ ነው። በአንድ ትዕይንት ድምፃቸው የሚመሳሰል ሦስት ወንዶች ከገቡ አድማጩ ጠፋ ማለት ነው።

አሁን ወደ ሞገዱ። ብሔራዊው አገልግሎት ለብዙ ዓመታት በአጭር ሞገድ በ41 እና በ31 ሜትር ባንድ፣ በመካከለኛ ሞገድ ደግሞ በ873 ኪሎ ኸርዝ ሲሰማ ኖሯል። ለሰሜን ሸዋ የአዲስ አበባ ቅርበት በአጭር ሞገድ ጥቅም ብቻ አይደለም። የ31 ሜትሩ ሞገድ ወደ ሰማይ ወጥቶ ሲመለስ ቅርቡን ዘሎ ራቅ ብሎ ሊያርፍ ይችላል፤ የ41 ሜትሩ ቀን ቀን ይሻላል፣ ሌሊቱ ሲገፋ እሱም ይዘላል። መካከለኛ ሞገድ ቀን ምድር ለምድር ስለሚሄድ ደጋው ላይ ጥርት ብሎ ይሳባል፤ ሲመሽ ግን የሩቅ አገር ጣቢያ መጥቶ ይደረብበታል።

መካከለኛ ሞገድ የሚሳበው ሬዲዮው ውስጥ ባለው ጥቁር ዘንግ ነው፤ የውጩን አንቴና መምዘዝ ምንም አይፈይድም፣ ሬዲዮውን ራሱን ማዞር ነው። ለአጭር ሞገድ ከ10 እስከ 15 ሜትር የመዳብ ሽቦ ከቤቱ ወደ ባሕር ዛፍ ተወጥሮ ጫፉ ከአንቴናው ጋር ይጠመጠማል፤ ሐምሌና ነሐሴ መብረቅ ሲያስገመግም ይፈታል። ቆርቆሮ ቤት ውስጥ መስኮት አጠገብ ማስቀመጥ ለውጥ አለው። ሬዲዮው በድንገት መንጫጫት ከጀመረ ጣቢያውን ከመውቀስ በፊት የስልክ ቻርጀር፣ የሶላር መቆጣጠሪያና ርካሽ አምፖል አንድ በአንድ እየነቀሉ መሞከር ይገባል።

ድንጋይ ሲደክም መጀመሪያ የሚበላሸው ወፍራም ድምፅ ነው፤ ተራኪው ሲጮህ ይቆራረጣል፣ ሲያንሾካሹክ ይሰማል። አዲስና አሮጌ ቀላቅሎ መክተት አዲሱንም ይገድላል። በታኅሣሥ ውርጭ ደጅ ያደረ ሬዲዮ ጠዋት ቢዳከም ድንጋዩ አልቋል ማለት አይደለም፤ ሲሞቅ የተወሰነ ያገግማል። ፀሐይ ላይ የማስጣት ልማድም የሚሠራው በዚሁ ምክንያት ነው፣ ለጥቂት ሰዓት ብቻ።

ኤፍ ኤም ይህን ሁሉ ያቀለለ ይመስላል፤ ንግግሩ ጥርት ይላል። ነገር ግን ሞገዱ ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ተራራ ይጋርደዋል። ደብረ ብርሃን ሜዳ ላይ ደህና የሚሰማ ጣቢያ ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና ሲወረድ፣ ወይም ወደ ጀማ ሸለቆ ሲገባ፣ በጥቂት ኪሎ ሜትር ሊጠፋ ይችላል። በስልክ የሚያዳምጥ ሰው የጆሮ ማዳመጫውን ገመድ መሰካት አለበት፤ አንቴናው እሱ ነው። አብዛኛው ስልክ አጭርና መካከለኛ ሞገድ ስለማይዝ፣ ሸለቆ ለሚኖር ሰው አሮጌውን ሬዲዮ መጣል አያዋጣም።