የቴሌግራም ቻናል በኢትዮጵያ

የቴሌግራም ቻናል አንድ ሰው ወይም ተቋም የሚለጥፈው፣ ሺዎች በአንድ ጊዜ የሚያነቡት የመልእክት መስመር ነው። ግሩፕ ውስጥ ሁሉም ያወራል። ቻናል ላይ የሚለጥፈው አድሚኑ ብቻ ነው፤ ተከታዩ ያነባል፣ ከወደደው ለወዳጁ ፎርዋርድ ያደርጋል። ዛሬ በአገራችን ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቱም፣ ባንኩም፣ የመርካቶ ጫማ ነጋዴውም፣ ሰንበት ትምህርት ቤቱም የየራሱ ቻናል አለው።

ቴሌግራም ሥራ የጀመረው በነሐሴ 2005 ዓ.ም ነው። ቻናል የተጨመረው በመስከረም 2008 ዓ.ም ነው።

እኛ ጋ እንዲህ የገነነው ያለ ምክንያት አይደለም። ኔትወርክ ሲደክም ጽሑፍ ቶሎ ይደርሳል። አንድ ፋይል አንዴ ከተጫነ የሚቀመጠው የቴሌግራም ሰርቨር ላይ ነው። ስለዚህ ፎርዋርድ የሚያደርገው ሰው እንደገና አይጭነውም፣ ዳታውም አይበላም። ፓኬጅ በሜጋባይት ቆጥሮ ለሚገዛ ተማሪ ይህ ትልቅ ነገር ነው። እስከ 2 ጊጋባይት የሚደርስ ፋይል መላክ መቻሉ ደግሞ የመማሪያ መጽሐፉን፣ መዝሙሩን፣ ትረካውን ሁሉ ወደ ቻናል አመጣው። የዋትሳፕ ብሮድካስት ሊስት በአንዴ ለ256 ሰው ነው የሚልከው፤ እሱም ቁጥርህን ስልካቸው ላይ ለመዘገቡት ብቻ። ቻናል የተከታይ ገደብ የለውም። የተከታዩ ስልክ ቁጥርም ለአድሚኑ አይታይም፤ አንዲት ሴት የልብስ ሱቅ ለመከታተል ቁጥሯን ለማታውቀው ሰው መስጠት የለባትም። ዛሬ ጆይን ያደረገም ቢሆን ወደ ላይ እየጎተተ ከመጀመሪያው ፖስት ጀምሮ ማንበብ ይችላል።

ስለ አገራችን ቻናል ሲነሳ ቲክቫህ ኢትዮጵያን ሳይጠቅሱ ማለፍ አይቻልም። ቲክቫህ በዕብራይስጥ ተስፋ ማለት ነው። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተከታይ ያፈራ ቻናል ነው። ተከታዮቹን ቤተሰብ ብሎ ነው የሚጠራቸው፤ ይህ አጠራር ባዶ ማባበያ አይደለም። መብራት የጠፋበት ሰፈር ነዋሪ፣ ደመወዝ የዘገየበት መምህር፣ መንገድ የተዘጋበት ሹፌር ጉዳዩን በውስጥ መስመር ይልካል። ቻናሉም ቃላቸውን ይዞ የሚመለከተውን አካል ይጠይቃል፣ መልሱንም መልሶ ይለጥፋል። ተከታዩ አንባቢ ብቻ ሳይሆን ዜና አቀባይም ሆነ ማለት ነው። ሌሎች ብዙ ቻናሎች ይህንኑ ተከትለው "ውድ ቤተሰቦቻችን" ማለት ጀምረዋል።

2012 ዓ.ም የቻናሎች የፈተና ዓመት ነበር። መጋቢት 4 ቀን በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ተነገረ። ከዚያ በኋላ የዕለቱን የምርመራ ቁጥር ማታ ከቻናል መጠበቅ ለብዙ ቤት ልማድ ሆነ። ስንት ተመረመረ፣ ስንት ተያዘ፣ ስንት አገገመ የሚለው አጭር ሰንጠረዥ ከአንዱ የቤተሰብ ግሩፕ ወደ ሌላው ይዞር ነበር። ሰኔ 22 ቀን ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ተገደለ። በማግስቱ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተዘጋ፤ መዘጋቱም ለሦስት ሳምንት ያህል ቆየ። አገር ውስጥ ያሉ አብዛኞቹ አድሚኖች መለጠፍ አልቻሉም። ውጭ ያለው ዘመድም ከቤተሰቡ ወሬ ተቆረጠ። መስመሩ ሲመለስ ሰው በመጀመሪያ የከፈተው የሚያምነውን ቻናል ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ2015 ዓ.ም ደግሞ ከየካቲት እስከ ሐምሌ ቴሌግራምን ጨምሮ ፌስቡክ፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ላይ ገደብ ተጥሎ ነበር። ያኔ ሕዝቡ ገደቡን በሚያሳልፍ መተግበሪያ፣ በቪፒኤን ገባ።

ተከታይን ማቆየት የራሱ ሙያ አለው። የጫማ ሻጭ ቻናል ብንከፍት ፎቶ አለ። ከሥሩ ሳይዝ 37 እስከ 41፣ ዋጋ፣ የሱቅ ቁጥር፣ ስልክ አለ። ጎበዝ አድሚን ጫማው ሲያልቅ ፖስቱን አያጠፋውም፤ ኤዲት አድርጎ "ሶልድ አውት" ይጽፍበታል። ገዢውም ዕቃው በእርግጥ እንደሚሸጥ ያያል፣ በከንቱም አይደውልም። ከፖስቱ ግርጌ ያለችው የዓይን ምልክት ስንት ጊዜ እንደታየ ትቆጥራለች። የቻናል እውነተኛ መለኪያ እሷ ናት። ሃምሳ ሺህ ተከታይ ኖሮት በሁለት ሺህ ዕይታ የሚቆም ቻናል ሚውት ተደርጓል (ማሳወቂያው እንዳይመጣ ተዘግቷል) ማለት ነው። ሰው ጥሎ ከመውጣቱ በፊት ሚውት ያደርጋል። በቀን ሃያ ፖስት የሚያዘንብ አድሚን ይህን ቢያውቀው ጥሩ ነው።

አሳዛኙ ነገር ተከታይ ለማብዛት የሚደረገው ማታለያ ነው። አንዱ አድሚን "የኢትዮጵያ ረጅሙ ተራራ ማነው?" ብሎ ጠይቆ ከሥሩ አራት መልስ ይደረድራል። የትኛውንም ብትነካ የማታውቀው ቻናል ውስጥ ያስገባሃል። እንዲህ የተሰበሰበ ሰው ተከታይ አይባልም።

የተማሪዎች ጉዳይ አከራካሪ ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ፎቶ በቴሌግራም መዞሩ ፈተናው ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ ስልክ በማይገባበት ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ እንዲሰጥ ካደረጉ ምክንያቶች አንዱ ነው። ሆኖም ጥፋቱን ቻናል ላይ ብቻ መጣል ልክ አይደለም። ያው ተማሪ ወርክሺት የሚያገኘው ከቻናል ነው፤ ውጤቱንም በቴሌግራም ቦት (በራሱ መልስ በሚሰጥ ፕሮግራም) ማየት ተችሏል። መጽሐፍ በፒዲኤፍ መበተኑ ግን ደራሲውን ይጎዳል፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም።

በሕግ በኩል የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አለ። ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨ ሰው ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ አድርጎት ከሆነ ቅጣቱ ይከብድበታል፤ እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ ይደርሳል። ብዙ ወጣት አድሚኖች ይህን ቁጥር ያለፉት ሳያስቡት ነው።

ገቢን በተመለከተ፣ ቴሌግራም ከ2016 ዓ.ም መጋቢት ጀምሮ ቢያንስ 1,000 ተከታይ ላላቸው ቻናሎች ከማስታወቂያ ገቢው ግማሹን ቶንኮይን በሚባል ዲጂታል ገንዘብ ማካፈል ጀምሯል። የእኛ አገር አድሚን ግን አሁንም በዋናነት የሚተዳደረው ሱቁ፣ ትምህርት ቤቱ ወይም ክሊኒኩ በቀጥታ በሚከፍለው ማስታወቂያ ነው። ክፍያው በቴሌብር ወይም በባንክ ይገባል፤ ደረሰኙ በስክሪንሾት ይላካል፤ ማስታወቂያው በተባለው ሰዓት ይለጠፋል።