አልሰበር ያለ ሰይፍ፣ አልሄድም ያለ ታቦት፦ ቅዱስ ዐፅምና የፋንታሲ ልብ ወለድ

በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 13 አንዲት አጭር ታሪክ አለች። ሰዎች ሬሳ ሲቀብሩ አደጋ ጣዮች ሲመጡ አዩና ደንግጠው ሬሳውን በነቢዩ ኤልሳዕ መቃብር ውስጥ ጣሉት። ሬሳው የነቢዩን ዐፅም እንደ ነካ ሰውየው ነፍስ ዘርቶ በእግሩ ቆመ። ዛሬ በፋንታሲ፣ ማለትም አስማትና ተአምር በሞላበት ምናባዊ ልብ ወለድ የምናነባቸው ተአምረኛ አጥንቶች፣ ሰይፎችና የታሸጉ ሣጥኖች የዘር ሐረጋቸው ቢቆጠር እንዲህ ካለው ታሪክ ላይ ይደርሳል።

ቅዱስ ዐፅም ሲባል የቅዱሳን አካል ብቻ አይደለም። የለበሱት፣ የያዙት፣ የተሠቃዩበት መሣሪያ፣ መቃብራቸውን የነካ ጨርቅ ሳይቀር አብሮ ይከበራል። እ.ኤ.አ. በ787 የተሰበሰበው ሁለተኛው የኒቅያ ጉባኤ ቤተ ክርስቲያን ያለ ሰማዕት ዐፅም እንዳይባረክ ደነገገ። በኢትዮጵያ ሕንፃውን ቤተ ክርስቲያን የሚያሰኘው ታቦቱ ነው። ያም ሆኖ ዐፅምም ክብሩ የራሱ ነው፤ ግንቦት 12 የሚከበረው የአቡነ ተክለ ሃይማኖት በዓል ፍልሰተ ዐፅም ይባላል።

የነገሩ ምሥጢር የገባኝ ስለ ኮንክ ሳነብ ነው። ኮንክ በደቡብ ፈረንሳይ ተራሮች መካከል ያለች ትንሽ ከተማ ናት። በገዳሟ ዕቃ ቤት ውስጥ ቅድስት ፎይ በዙፋን ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። ቁመቷ 85 ሳንቲሜትር ገደማ፣ ውስጧ እንጨት፣ ላይዋ ወርቅ ነው። ፊቷ ከሰውነቷ ይበልጥ ያረጀ ነው፤ ከሮማውያን ዘመን ማብቂያ የተረፈ የወርቅ ራስ ነው የተገጠመላት። ዓይኖቿ ፈጠው ሰውን አልፈው አሻግረው ያያሉ። ምእመናን በየዘመኑ የተሳሉላት የከበረ ድንጋይ ልብሷን ሞልቶታል። የሰማዕቷ የራስ ቅል የተቀመጠው ከሐውልቱ ጀርባ በተፈለፈለ ጉድጓድ ውስጥ ነው።

ዐፅሟ ግን የኮንክ አልነበረም። በገዳሙ ትረካ መሠረት አንድ መነኩሴ ወደ አዠን ከተማ ሄዶ ዓመታት ተቀመጠ፤ ታምኖ የመቃብሯ ጠባቂ ሆነ፤ ከዚያም እ.ኤ.አ. በ866 ገደማ ዐፅሟን ይዞ ጠፋ። የኮንክ መነኮሳት ይህን ስርቆት ሳያፍሩ ጽፈው አቆዩት። ቅድስቲቱ ባትፈቅድ ኖሮ ንቅንቅ አትልም ነበር ብለው ያምኑ ነበርና። በ11ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የአንዤው መምህር በርናርድ ሐውልቷን እንደ ጣዖት ቆጥሮ ተሳለቀባት፤ ኋላ ተጸጽቶ ተአምሯን ጻፈ። በጻፈው ውስጥ ቅድስቲቱ በሕልም እየመጣች ከሴቶች ቀለበትና አምባር ትጠይቃለች፤ የከለከላትን ትቀጣለች። ሣጥን ውስጥ ያለው አጥንት ይወዳል፣ ይቆጣል፣ ይቀየማል።

ዋጋውም የዚያኑ ያህል ነበር። የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 9ኛ የእሾህ አክሊሉን እ.ኤ.አ. በ1239 ሲረከብ ባዶ እግሩን በቀሚስ ብቻ ሆኖ ተሸከመው። አክሊሉ ብቻ 135,000 ሊቭር (የያኔው የፈረንሳይ ገንዘብ) ገደማ ሲያስወጣው፣ ማኖሪያ እንዲሆን ያሠራው ሳንት ሻፔል የተባለው ቤተ ጸሎት 40,000 ገደማ ፈጀ። ግድግዳው በባለቀለም መስታወት የተሞላው ያ ሕንፃ ራሱ ሰው የሚገባበት የዐፅም ሣጥን ነው ማለት ይቻላል። የቬኒስ ነጋዴዎችም እ.ኤ.አ. በ828 የቅዱስ ማርቆስን ሥጋ ከእስክንድርያ ሲያወጡ፣ ፈታሾቹ ሙስሊሞች ስለነበሩ በአሳማ ሥጋ እንደሸፈኑት ይተረካል። ከ1,140 ዓመት በኋላ ከፊሉ ወደ ግብፅ ተመለሰ፤ ካይሮ ላይ በስሙ የተሠራው ካቴድራል እ.ኤ.አ. በ1968 ሲመረቅ ዐፄ ኃይለ ሥላሴም ተገኝተው ነበር።

ዐፅም ወደ ፈጠራ ድርሰት የተሻገረው ገና ያኔ ነው። በጥንታዊው የፈረንሳይ የሮላን መዝሙር የጀግናው ሰይፍ እጀታ የጴጥሮስን ጥርስ፣ የባስልዮስን ደም፣ የቅዱስ ዴኒን ጠጉርና የእመቤታችንን ልብስ ቁራጭ ይዟል። ሮላን ሊሞት ሲያጣጥር ጠላት እንዳይወስደው ዐለት ላይ ደጋግሞ መታው። ሰይፉ አልሰበር አለ።

አማርኛችን እዚህ ላይ ሰይፉን ባለ ፈቃድ ያደርገዋል፤ ክብረ ነገሥትም ይህንኑ መንገድ ነው የያዘው። አዛርያስና ጓደኞቹ ታቦተ ጽዮንን ከኢየሩሳሌም ሲያወጡ በቦታዋ እንጨት አኑረው በመጋረጃ ሸፈኑት። መጽሐፉ ግን ጽዮን ፈቅዳ እንደመጣች አጥብቆ ይናገራል፤ ሠረገሎቹ ከምድር ከፍ ብለው የ13 ቀን መንገድ በአንድ ቀን ሄዱ ይላል። የኮንክ መነኮሳት ቢሰሙት አዲስ አይሆንባቸውም ነበር።

ግሸንን ሳስብ ደግሞ ከዚህ የተሻለ የፋንታሲ መነሻ ምን አለ እላለሁ። እንደ ትውፊቱ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በሕልማቸው «አንብር መስቀልየ በዲበ መስቀል» የሚል ቃል ሰሙ፤ መስቀሌን በመስቀል ላይ አኑር ማለት ነው። ግማደ መስቀሉ በእጃቸው ነው፤ ሌላኛው መስቀል ግን የት አለ? አገር ለአገር ሲፈለግ ቆይቶ ወሎ አምባሰል ውስጥ አናቱ የመስቀል ቅርጽ ያለው አምባ ተገኘ። መስከረም 21 ሕዝቡ የሚወጣው ከምድር በታች የተቀበረውን፣ ዓይኑ የማያየውን ሊሳለም ነው።

ፋንታሲ ከዚህ ሁሉ ብዙ ወርሷል። እንቆቅልሹን፣ ሐሰተኛውን ምትክ፣ እንደ አክሱሙ መነኩሴ ዕድሜ ልኩን ከደጁ የማይለየውን ጠባቂ ወስዷል። ዙፋንን ከቅዱስ ነገር ጋር ማሰርንም እንዲሁ፤ በስሪላንካ ካንዲ የቡድሃን ጥርስ የያዘ አገር የመግዛት መብት አለው ይባል ነበር። ብዙ ጊዜ የሚጥለው ግን የዐፅሙን ፈቃድ ነው። ዐፅሙን የያዘ ሁሉ እንዳሻው የሚያዝዘው መሣሪያ ሲሆን ታሪኩ ወዲያው ይቀዘቅዝብኛል።

በጥምቀት ታቦት አልሄድም ሲል ያየ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል። ታቦቱን በራሳቸው የተሸከሙት ቄስ ድንገት ይቆማሉ። ከበሮው ዝም ይላል፤ እልልታው ወደ እግዚኦታ ይለወጣል፤ ምን አስቀይመን ይሆን እየተባለ የተጣላ ይፈላለጋል። በልብስ የተጎናጸፈውን ታቦት ከምእመናኑ ማንም አላየውም። ሁሉም አስፋልቱ ላይ ተንበርክኮ የሚያየው የቄሱን እግር ነው፣ እስኪነሣ።