ኪሳም ፍልፈል ምንድን ነው?

«የአውስትራሊያው ፍልፈል የእኛው ፍልፈል ዘመድ ነው፤ ልዩነቱ ኪሱ ብቻ ነው» የሚል አስተያየት ሰሞኑን ደግሜ አነበብኩ። ጸሐፊው ያቀረበው ማስረጃ መልካቸውን ነው፤ ስህተቱም የሚጀምረው ከዚያው ነው።

የባሌው ፍልፈል የአይጥ ወገን ነው። ከኪሳሙ፣ ማለትም ከአውስትራሊያው ፍልፈል ይልቅ ለዝሆን፣ ለአንበሳ፣ ለእኔና ለእርስዎም ይቀርባል። የእኛ ሁላችን ግንድ እንደ ካንጋሮ ካሉት ከኪሳሞቹ እንስሳት የተለየው ዳይኖሰሮች ገና በነበሩበት ዘመን ነውና።

መመሳሰሉስ? ተያይተው የማያውቁ ሁለት ቀጥቃጮች ማረሻ ቢሠሩ ሁለቱም ሹል ያደርጉታል፤ አፈር ደነዝ ብረት አይቀበልም። በዚህ ብቻ ወንድማማች ናቸው የሚል የለም። ማረሻዎቹን ቀረብ ብለን ካየናቸው ደግሞ ይለያያሉ። የእኛው ፍልፈል አፈሩን የሚፈነቅለው በፊት ጥርሱ ነው። ኪሳሙ ግን በፊት እግሩ ባሉት ሁለት ትልልቅ ጥፍሮች ይቆፍራል፤ አፍንጫውንም ጠንካራ ጋሻ ሸፍኖታል። እርሻቸውም አይመሳሰልም፤ የእኛው ዋሻ አበጅቶ አፈሩን ውጭ ይከምራል፣ ኪሳሙ ግን የአውስትራሊያን በረሃ አሸዋ እንደ ዋናተኛ እየሰነጠቀ ሲያልፍ አሸዋው ከኋላው ይደፈናል። ርዝመቱ ከ12 እስከ 16 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ዓይኑ ከቆዳው ሥር ተቀብሮ ቀርቷል። ኪሱ ወደ ኋላ ስለሚከፈት ሲቆፍር አሸዋ አይሞላበትም።

«ኪሳም» የሚለው ስምም ጥንቃቄ ይሻል። ከዚሁ ወገን ሆኖ ኪስ የሌለው አለ፤ ነምባት የሚባለው የአውስትራሊያ እንስሳ አንዱ ነው። ወገኑን የሚለየው ግልገሉ እጅግ ጨቅላ ሆኖ ተወልዶ ቀሪ ዕድገቱን ጡት ላይ ተጣብቆ መጨረሱ ነው። እኔ ብጠየቅ ከኪሳሙ ፍልፈል የደቡቡን ዝርያ ከአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች አንዱ የሆነው የፒትጃንትጃትጃራ ሕዝብ እንደሚለው «ኢትጃሪትጃሪ» ብዬ እጠራዋለሁ። «ፍልፈል» ባንለው ኖሮ ይህ ሁሉ ክርክር ባልተነሣ ነበር።

ታዲያ ዘመዶቹ እነማን ናቸው? ዘረመሉ የሚያቀርበው ለባንዲኩቶችና ለቢልቢ ነው፤ ሁሉም የአውስትራሊያ ኪሳሞች ናቸው።

ያው አስተያየት «መቆፈርን ያስተማረው በረሃው ነው» ይላል። በአውስትራሊያዋ ኩዊንስላንድ ግዛት፣ ሪቨርስሌይ በተባለ ቦታ የተገኘው የጥንት ዘመዱ ቅሪተ አካል ግን 20 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠረ ሲሆን፣ የክንዱ አጥንት ያኔውኑ የቆፋሪ ክንድ ነበር። ቦታው በዚያ ዘመን በረሃ አልነበረም፤ ዝናብ የማይለየው ጥቅጥቅ ያለ ደን ነበር።