የአሮጌ ራዲዮ ይዞታ ለሰብሳቢዎች እንዴት ይገለጻል

በአሜሪካ የአሮጌ ራዲዮ ገበያ ሻጭና ገዥ ብዙ ጊዜ ፊት ለፊት አይገናኙም። ገዥው የሚተማመነው በፎቶግራፍና ሻጩ በጻፋቸው ጥቂት መስመሮች ብቻ ስለሆነ ይዞታን መግለጽ ራሱን የቻለ ጥበብ ሆኗል። ከሁሉ ይበልጥ ቅሬታ የሚያስነሳው ቃል «ይሠራል» ነው።

ከ1920ዎቹ እስከ 1950ዎቹ (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) የተሠሩት ራዲዮዎች አብዛኞቹ በቫኪዩም ቱቦ፣ ማለትም አየር በወጣለት አምፖል መሰል የመስታወት ክፍል፣ የሚሠሩ ናቸው። ቱቦዎቹ ብዙውን ጊዜ ረጅም ዕድሜ አላቸው፤ ቀድመው የሚያረጁት ካፓሲተሮቹ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ትናንሽ ክፍሎች፣ ናቸው። ከወረቀት የተሠሩት ካፓሲተሮች እርጥበት ይስቡና ኤሌክትሪክ ማሾለክ ይጀምራሉ፤ ኤሌክትሮላይት የሚባል ፈሳሽ ያለባቸው ደግሞ ውስጣቸው ይደርቃል። ለ50 ዓመት ቆጥ ላይ የከረመ ራዲዮ በቀጥታ ሶኬት ላይ ሲሰካ ጥቂት ደቂቃ ዘፈን ያሰማ ይሆናል፤ ከዚያ ግን አንዱ ካፓሲተር ሾርት ቢያደርግ ምትክ በቀላሉ የማይገኝለትን ትራንስፎርመር ያቃጥለዋል። ስለዚህ ለማስታወቂያ ተብሎ መሞከሩ ራሱ ዕቃውን ሊያበላሸው ይችላል። ጥሩ ሻጭ «ካፓሲተሮቹ በሙሉ ተቀይረዋል፤ ሁለት ሰዓት ሠርቷል፤ አጭር ሞገዱ አይሰማም» ብሎ ይጽፋል። ካልሞከረው «አልተሞከረም» ማለቱ ነውር የለውም። ሞክሮ እንቢ ያለውን «አልተሞከረም» ብሎ መሸጥ ግን ማታለል ነው።

የጠፋ መቆጣጠሪያ ቁልፍም እንደ ውበት ጉድለት ብቻ መታየት የለበትም። ትራንስፎርመር በሌላቸው ባለ አምስት ቱቦ የጠረጴዛ ራዲዮዎች የብረት ሻንሲው (የውስጥ ክፍሎቹ የተተከሉበት መደብ) በቀጥታ ከመብራት መስመሩ ጋር ሊገናኝ ይችላል። ቁልፉ ወልቆ የብረት ዘንጉ ብቻ ከቀረ፣ ወይም የጀርባ ክዳኑ ከሌለ፣ የሚነካውን ሰው ኤሌክትሪክ ሊይዘው ይችላል። ይህን ሳይጽፉ ማለፍ ከባድ ጥፋት ነው።

የውጭው ቀፎ ዋጋውን ከሞላ ጎደል የሚወስነው በካታሊን ራዲዮዎች ላይ ነው። ካታሊን እንደ ከረሜላ የሚያብረቀርቅ ፕላስቲክ ሲሆን ከዕድሜ ብዛት ቀለሙ ይለወጣል፤ ነጭ የነበረው ቅቤ ይመስላል፣ ሰማያዊው ወደ አረንጓዴ ያደላል። በ1940ዎቹ የተሸጠው ፋዳ 1000 የተባለው የካታሊን ራዲዮ ዛሬ ብዙውን ጊዜ ቢጫ ሆኖ የሚታየውም ለዚህ ነው። የቱቦዎቹ ሙቀት ከላይ በኩል ሊሰነጥቀው ይችላል። ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ በቀን ብርሃን አይታይም፤ ክፍሉን አጨልሞ ከውስጥ ባትሪ ቢያበሩበት ግን መስመሩ ጥርት ብሎ ይወጣል። በእኔ እምነት ያለዚህ ፍተሻ «ስንጥቅ የለውም» ብሎ መጻፍ አይገባም።

በእንጨት ቀፎ ላይ የተለመደው ስህተት ሌላ ነው። ሻጩ ቫርኒሹን ልጦ አዲስ ቀለም ይቀባና «እንደ አዲስ» ይለዋል፤ ብዙ ሰብሳቢዎች ግን ጭረት ያለበትን የፋብሪካ ቅብ ይመርጣሉ። በአንዳንድ ቀፎዎች ላይ የሚታየው የውድ እንጨት የተፈጥሮ መስመር የታተመ ምስል ስለሆነ በአሸዋ ወረቀት ከተነካ ተመልሶ አይገኝም።

በ1954 ለገበያ የቀረበውና በ49 ዶላር ከ95 ሳንቲም የተሸጠው ሪጀንሲ ቲአር-1 የተባለው የኪስ ራዲዮ ቱቦውን የተካውን ትንሽ ክፍል፣ የትራንዚስተሩን ዘመን ከፈተ። ከዚያ ወዲህ በተሠሩት ትናንሽ ራዲዮዎች ገዥዎች ቀድመው የሚጠይቁት የባትሪ ቤቱን ፎቶ ነው፤ የፈሰሰ ባትሪ መገናኛ ብረቶቹን በልቶ የራዲዮው ክፍሎች እስከተተከሉበት ሰሌዳ ሊደርስ ይችላልና።