ሄይ ፊቨር ምንድን ነው? «ኢሚዩኒቲ ሲደክም» የሚመጣ ነገር አይደለም

«ሄይ ፊቨር የሚነሳብህ ኢሚዩኒቲህ ስለደከመ ነው፤ አጠንክረው» የሚል ምክር ሰሞኑን እንደገና አነበብኩ። ፋርማሲስት ነኝ፤ ይህን አምኖ ቫይታሚን የሚገዛ ሰው ዘወትር ያጋጥመኛል። ቫይታሚኑ ያልቃል፣ አፍንጫው እንደተዘጋ ነው።

ሄይ ፊቨር የብናኝ አለርጂ ነው፤ ነገሩም የተገላቢጦሽ ነው። ሰውነት ምንም የማይጎዳውን የሣር ወይም የዛፍ አበባ ብናኝ ጠላት ብሎ ይመዘግበዋል። ብናኙ ተመልሶ ሲመጣ ሂስታሚን የተባለ ኬሚካል ይለቃል። ማስነጠሱም፣ የዓይን ማሳከኩም ከዚያ ነው።

እንግዳ በር ባንኳኳ ቁጥር «ሌባ!» ብሎ ፊሽካ የሚነፋ ዘበኛ አስቡ። ፊሽካው ሂስታሚን ነው። ይህ ዘበኛ ደካማ ነው? ኧረ በጭራሽ! ወዳጄ፣ አንተ የምትመክረን ዱላ እንድንጨምርለት ነው። (ደግነቱ ቫይታሚኑ ዱላም አይሆንለትም።) ሴትሪዚንና ሎራታዲን የተባሉት የአለርጂ ክኒኖች ፊሽካው እንዳይሰማ የጎረቤቱን ጆሮ በጥጥ ይደፍናሉ። ሰፈሩ ከተነሳ በኋላ ጥጥ ብዙም አይረዳም፤ ስለዚህ ቀድሞ መዋጥ ይሻላል። አፍንጫ ውስጥ የሚረጨው የስቴሮይድ ስፕሬይ ራሱን ዘበኛውን ያረጋጋዋል። ግን በየቀኑ ተወስዶም ሙሉ ውጤቱ እስኪታይ ሳምንትና ከዚያ በላይ ሊፈጅ ይችላል። በሁለተኛው ቀን «አልሠራልኝም» ብሎ መጣል የለም። ዘበኛውን ከእንግዳው ጋር ቀስ በቀስ ማላመድም ይቻላል፦ ብናኙን በጥቂት በጥቂቱ በመርፌ ወይም ከምላስ ሥር በሚቀመጥ ክኒን፣ አብዛኛውን ጊዜ ለ3 ዓመት ያህል። ይሄኛው በሐኪም ክትትል ብቻ ነው።

«የአካባቢህን ማር ብላ፣ ሄይ ፊቨሩ ይለቅሃል» የሚለው ምክርም ያው ነው። ንብ የምትሰበስበው በአብዛኛው የሚያጣብቅና ከበድ ያለ ብናኝ ነው። እኛን የሚያስነጥሰን ነፋስ የሚያንሳፍፈው ነው።

ስፕሬይ ካነሳን አይቀር፣ አብዛኛው ሰው አያያዙን ይስታል። አንገት ትንሽ ወደ ፊት ዘንበል ይበል። በቀኝ እጅ ወደ ግራው ቀዳዳ፣ በግራ እጅ ወደ ቀኙ። ጫፉ ወደ ጆሮ በኩል ይዙር፤ ወደ መሃለኛው ግድግዳ ከተረጨ ያቆስላል፣ ያደማል። በኃይል አይሳብ፤ መድኃኒቱ ጉሮሮ ይወርዳል።

እንደ ኦክሲሜታዞሊን ያሉ አፍንጫን ወዲያው የሚከፍቱት ግን ሌላ ናቸው። ከጥቂት ቀናት በላይ ሲወሰዱ መልሰው ይዘጉታል። ክሎርፌኒራሚን የተባለውን የአለርጂ ክኒን የዋጠ ሰው ደግሞ መኪና አይንዳ፤ ያስተኛል።

ከውጭ ወደ ቤት ሲገቡ ልብስ መቀየር፣ ፀጉር መታጠብ፣ ብናኝ በበዛበት ቀን ልብስ ውጭ አለማስጣት ይረዳል። አፍንጫን በጨው ውሃ ማጠብም ጥሩ ነው፤ ውሃው ግን ፈልቶ የቀዘቀዘ እንጂ በቀጥታ ከቧንቧ የተቀዳ አይሁን።

ትኩሳት ካለ ሌላ በሽታ ይፈለግ። ደረት ሲር ሲር ካለ ወይም ትንፋሽ ካጠረ አስም ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ክኒን መቀያየሩን ትቶ ሐኪም ጋ መሄድ ነው።