የአሸዋ ማረፊያ አንግል ምንድን ነው?

ሲኖ ደጅ ላይ አሸዋ ገልብጦ ሲሄድ ክምሩን አይታችሁት ታውቃላችሁ? ሁሌም ያው ቅርፅ ነው፣ ጫፉ ሾጠጥ፣ ጎኑ ተዳፋት። በአካፋ ከላይ እየጨመርኩ ቁመቱን ብቻ ላስረዝመው ብትሉ እሺ አይልም፣ ትንሽ ከፍ ይልና ሸርተት ብሎ ይወርዳል፣ ግርጌው ይሰፋል እንጂ ቁልቁለቱ አይጨምርም። ያ ጎኑ ከመሬቱ ጋር የሚሰራው አንግል ነው ማረፊያ አንግል የምንለው፣ ደረቅ አሸዋ ላይ ከ30 እስከ 35 ዲግሪ አካባቢ ነው። ደስ የሚለው ነገር አንድ ስኒ አሸዋም ሆነ አንድ ቢያጆ አንግሉ ያው ነው ማለት ይቻላል፣ ምክንያቱም ክምሩ ሲከብድ ወደታች የሚጎትተው ጉልበት ቢጨምርም ቅንጣቶቹ እርስ በርስ የሚጫኑበትና የሚያዙበት ሰበቃም አብሮ ይጨምራል። በረሃ ላይ ያለ ኮረብታ የሚያክል የአሸዋ ክምር እንኳን ነፋስ በማያገኘው ጎኑ ብትለኩት እዛው ገደማ ነው።

የሚቀይረው የቅንጣቱ ቅርፅ ነው። ጠርዝ ጠርዝ ያለው አሸዋ ይያያዛል፣ ንፋስ እያንከባለለ ያለሰለሰው የበረሃ አሸዋ ግን ይንሸራተታል፣ ዱባይ አሸዋ ላይ ተቀምጣ ለግንባታ አሸዋ ከውጭ የምታስገባበት አንዱ ምክንያትም ይሄው ነው።

ቤት መሞከር ከፈለጋችሁ ትሪ ላይ ስኳር ቀስ እያላችሁ አፍስሱ። ዝም ብሎ ይከመራል ይከመራል፣ ከዛ በአንዲት ፍሬ ሰበብ አንዱ ጎን ሙሉ ይናዳል። በ1987 እ.ኤ.አ. ፐር ባክ፣ ቻኦ ታንግና ከርት ዊዘንፌልድ የሚባሉ ፊዚክስ ሰዎች ይሄንኑ በኮምፒውተር ሰርተውት በአንዲት ፍሬ ሰበብ የሚናደው ከጥቂት ፍሬ ጀምሮ እስከ ትልቅ ናዳ ድረስ በየመጠኑ ሊሆን እንደሚችል አሳይተዋል።

አሁን ውሃ ጨምሩበት፣ ጨዋታው ሌላ ነው። ትንሽ እርጥበት በቅንጣቶቹ መሃል ገብቶ እንደ ሙጫ ይይዛቸዋል፣ እርጥብ አሸዋ ቀጥ ብሎ እንደ ግድግዳ የሚቆመው ለዛ ነው። ሲደርቅ ግን ይለቃል፣ ስለዚህ ጠዋት ቀጥ ብሎ የቆመ ጉድጓድ ከሰዓት ሰው ላይ ሊደረመስ ይችላል፣ አትመኑት። ከመጠን በላይ ካጠጣችሁትም ያው ነው፣ ይፈሳል።

እኔን ያቃጠለኝ ደግሞ ሌላ ነው። እርጥብ አሸዋ ያብጣል! ያ ሙጫ ቅንጣቶቹ ተጠጋግተው እንዳይቀመጡ ስለሚከለክል 5 ፐርሰንት አካባቢ እርጥበት ይዘቱን ከ20 እስከ 30 ፐርሰንት ሊያሳድገው ይችላል፣ እኔ ይሄን ሳላውቅ በክረምት በሜትር ኩብ ገዝቼ ቆጥሬ ከፈልኩ። ማወቂያው ቀላል ነው፣ ጣሳ ላይ እርጥቡን አሸዋ ሳትጠቀጥቁ 20 ሳንቲም ሙሉ፣ ውሃ እስኪያጥለቀልቀው አፍሱበት፣ በዘንግ አማስሉት፣ ሲረጋ ለኩት። 16 ላይ ካረፈ ከአምስት እጅ አንዱን ክፍተት ነው የገዛችሁት።